የዐቢይ ጾም የረቡዕ ማታ ጸሎት፦ በጎጃም ላሉ ትናንሽ ማኅበረ ምእመናን የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በዳንግላ ወይም በባሕር ዳር ትንሽ ማኅበረ ምእመናን ይዘው ለሚያገለግሉ ወንጌላውያን፣ የምእመናን ሽማግሌዎችና የመዘምራን አስተባባሪዎች ነው። በሉተራን ሥርዓት በዐቢይ ጾም ወራት በሳምንቱ አጋማሽ ማታ የሚደረገውን ጸሎት እንዴት ማዘጋጀትና መምራት እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያስረዳል። የቅዱስ ቁርባን ሥርዓት ስለሌለበት ቄስ የግድ አያስፈልገውም፤ ወንጌላዊ ወይም የተመረጠ ሽማግሌ ሊመራው ይችላል። ሠላሳ ሰው ቢመጣም፣ ሰባት ሰው ቢመጣም ሥርዓቱ ያው ነው።

ሁሉም ነገር የሚንጠለጠልበትን ጉዳይ ግን አስቀድሜ ልናገር። ይህን ማታ የሚሸከመው የሕማማቱ ንባብ ነው። ዝማሬው ቢያንስ፣ ስብከቱ ቢያጥር፣ መብራት ቢጠፋ ምንም አይጎድልም። ንባቡ ከተበላሸ ግን ማታው ተበላሸ ማለት ነው። የሉተራን ሥርዓት የተሰየመበት ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1523 ስለ ጉባኤ አምልኮ ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖች በአጭሩም ቢሆን የእግዚአብሔር ቃል ሳይሰበክና ሳይጸለይ ፈጽሞ መሰብሰብ የለባቸውም ብሏል። የጠዋትና የማታ ጸሎትን ከነመዝሙረ ዳዊቱ ያቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀኑን መቁጠር

በምዕራቡ የሉተራን አቆጣጠር ጾሙ 40 ቀን ነው፤ እሑዶች አይቆጠሩም። ከእሑዶቹ ጋር እስከ ፋሲካ 46 ቀን ይሆናል፤ መጀመሪያውም ረቡዕ ነው። የአገራችን ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ሆኖ ሰኞ ይገባል። በኢትዮጵያ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን ከአገሩ ሕዝብ ጋር በአንድ ቀን ስለሚያከብሩ፣ የውጭ አገር የቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ አትጀምሩ። የአገሩን ፋሲካ ያዙና ወደ ኋላ 46 ቀን ቁጠሩ። ቆጠራው የሚያርፈው ከቅድስት እሑድ በኋላ ባለው ረቡዕ ላይ ነው፤ በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው። ከዚያ ረቡዕ አንሥቶ ከኒቆዲሞስ እሑድ በኋላ እስካለው ረቡዕ ድረስ 6 ረቡዖች ይገኛሉ። እነዚህ 6 ማታዎች የእናንተ ናቸው። ሰባተኛው ረቡዕ በሰሙነ ሕማማት ውስጥ ስለሚውል ባትነኩት ይሻላል፤ ሐሙስና ዓርብ ሌላ ጉባኤ አላችሁ፤ አገልጋዮችም ይደክማሉ።

ቀኖቹን ስትናገሩ «ከምኵራብ በኋላ ያለው ረቡዕ»፣ «ከመጻጉዕ በኋላ ያለው ረቡዕ» ብላችሁ ተናገሩ። በጎጃም ያደገ ሰው፣ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል ቢሆን፣ የሁዳዴን እሑዶች በስማቸው ያውቃቸዋል፤ ከወርና ከቀን ቁጥር ይልቅ ይህ አይረሳውም።

ሰዓቱን መምረጥ

የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮ የሚወጣው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በመጋቢት ፀሐይ የምትጠልቀውም ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ 11 ሰዓት ከ45 ላይ ጀምራችሁ በ50 ደቂቃ ብትጨርሱ፣ ብርሃን እያለ የገባው ሰው ሲመሽ ይወጣል፤ ለማታ ጸሎት የሚስማማውም ይህ ነው። በሁዳዴ በሥራ ቀን የሚቀደሰው ቅዳሴ ወደ 9 ሰዓት አካባቢ ስለሚያልቅ ከጎረቤት ጋር አትጋጩም፤ የሚጾመውም ሰው ቀምሶ ይመጣል።

የሰዓት እላፊ ካለ ወይም ባጃጅ ቀድሞ የሚቆም ከሆነ ጉባኤውን ወደ 10 ሰዓት ተኩል አምጡት። ሰዓቱን ማምጣት እንጂ ንባቡን መቁረጥ መፍትሔ አይደለም። የሚቆረጥ ነገር ካስፈለገ ስብከቱ ይቆረጥ። እናቶችና ወጣት ሴቶች ብቻቸውን እንዳይሄዱ በየሰፈሩ ማን ከማን ጋር እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ረቡዕ በፊት ተነጋገሩ።

ቤቱን ማዘጋጀት

የጾሙ ቀለም ሐምራዊ ነው። ከገበያ አንድ ሐምራዊ ጨርቅ ገዝታችሁ ጠረጴዛው ላይ አልብሱት፤ ጥልፍም ጌጥም አያስፈልገውም። አበባ አታስቀምጡ፤ አበባው ለፋሲካ ይቆይ። ከጠረጴዛው ላይ መስቀል፣ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ትልቅ ሻማ ይበቃል።

ስለ ሻማው ልብ በሉ። ጧፍ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል፣ ይንጠባጠባልም። ወፈር ያለ ሻማ አሸዋ በሞላ ሳሕን ላይ ተክሉ። የነጠላ ጫፍ ወደማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት፤ አንባቢዋ መጽሐፉን ለመግለጥ ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ወዴት እንደሚወድቅ ቀን ላይ አቁማችሁ ሞክሩት። ወለሉ ላይ የደረቀ ሣር ወይም ቄጠማ ካለ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ጥረጉ። መብራት የሚሄድበት ማታ ስለማይቀር፣ አንባቢው አጠገብ ቻርጅ የተደረገ የእጅ ባትሪ ወይም የሶላር ፋኖስ ይቀመጥ።

አግዳሚ ወንበሮቹን በሁለት ወገን ፊት ለፊት አድርጉ፤ መሐል መተላለፊያ ተዉ። መዝሙረ ዳዊት በግራና በቀኝ እየተቀባበላችሁ ስለምታነብቡ ይህ አቀማመጥ ይረዳል። ማኅሌት ያየ ሁሉ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚመሯቸው መዘምራን ግራና ቀኝ ቆመው እንደሚቀባበሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገሩ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

የድምፅ ማጉያ ወደ ውጭ አታውጡ። ከ50 ሰው በታች ከሆናችሁ ውስጥም አያስፈልግም። ኪቦርዱም ዝም ይበል፤ ቢበዛ የመዝሙሩን መነሻ ድምፅ ለመስጠት ብቻ ይነካ። በሁዳዴ በጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ዝም እንደሚሉ ሁሉም ያውቃል፤ የእኛ ቤት በዚያው ወራት በከበሮና በጭብጨባ ሲናወጥ መንገደኛው ምን እንደሚሰማው አስቡ። መዘምራኑ መጀመሪያ ቅር ሊላቸው ይችላል። ቀድማችሁ አነጋግሯቸው፤ ያለ መሣሪያ በሁለት ድምፅ የሚዘመሩ ቀርፋፋ መዝሙሮችን እነርሱ ራሳቸው ይምረጡ። «ሃሌ ሉያ» ያለበትን መዝሙር ለፋሲካ አቆዩት፤ በሉተራን ልማድ በጾሙ ወራት «ሃሌ ሉያ» አይዘመርም።

ንባቡን ማከፋፈልና አንባቢ ማሠልጠን

ብዙ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ወራት የጌታን ሕማማት በክፍል በክፍል ያነብባሉ። የዊተንበርጉ መጋቢ ዮሐንስ ቡገንሃገን አራቱን ወንጌላት አዋሕዶ ያዘጋጀው የሕማማት ታሪክ ለዘመናት በጉባኤ ሲነበብ ኖሯል። ለትንሽ ማኅበር ግን አንድ ወንጌል ይዞ መሄድ ይቀላል፤ እኔ የማርቆስን እመርጣለሁ። አጭር ነው፣ ይፈጥናል፣ ምንም ነገር አይሸፍንም። አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን፦

በመጀመሪያው ረቡዕ ማርቆስ 14፥1–31፣ ከሽቱው ብልቃጥ እስከ እራቱና ጴጥሮስ «አልክድህም» እስካለበት። በሁለተኛው 14፥32–52፣ ጌቴሴማኒና መያዙ። በሦስተኛው 14፥53–72፣ የሊቀ ካህናቱ ግቢና የዶሮው ጩኸት። በአራተኛው 15፥1–20፣ ጲላጦስ። በአምስተኛው 15፥21–41፣ ስቅለቱ። በስድስተኛው 15፥42–47፣ መቃብሩ። የመጨረሻው 6 ቁጥር ብቻ ስለሆነ የሚጨመርበት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። አትጨምሩበት። አጭርነቱ ራሱ ይናገራል።

በሌላ ዓመት ሕማማቱን ትታችሁ የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም (የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ) መያዝ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1529 የወጣው ይህ መጽሐፍ 6 ዋና ክፍሎች አሉት፦ ዐሠርቱ ትእዛዛት፣ የሃይማኖት መግለጫ፣ የጌታ ጸሎት፣ ጥምቀት፣ ንስሐና የጌታ እራት። ከስድስቱ ረቡዖች ጋር ልክክ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጀምሩ ከሆነ ግን ከሕማማቱ ጀምሩ።

አሁን ወደ አንባቢው። በአንድ ማታ አንድ አንባቢ ብቻ ይሁን። ድምፅ ተከፋፍሎ አንዱ ጲላጦስን፣ አንዱ ጴጥሮስን እንዲያነብ ማድረግ ልጆች ሊወዱት ይችላሉ፤ ነገር ግን የሰው ጆሮ ከቃሉ ወደ ተዋናዩ ይዞርበታል። አንባቢውን ቢያንስ ከ4 ቀን በፊት ንገሩት። በእነዚህ ቀናት ክፍሉን ቤቱ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ በዐይን ማንበብ ልምምድ አይደለም። ማክሰኞ ማታ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ያንብብ፣ እናንተ ከመጨረሻው አግዳሚ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። ሦስት ነገር አዳምጡ።

አንደኛ፣ ፍጥነቱን። 14፥32–52 በጥሩ ንባብ 4 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከ3 ደቂቃ በታች ከጨረሰው ሮጧል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማጥበቅና ማላላቱን። ጎጃም የዋሸራ፣ የዲማ ጊዮርጊስና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው። ከምእመናኑ መካከል በልጅነቱ የኔታ ፊት ንባብ የተማረ አባት አይጠፋም፤ ተነሽና ወዳቂውን (የንባቡን ድምፅ መነሣትና መውደቅ) ለይቶ ያደገ ጆሮ በተሰበረ ንባብ ይቆስላል። እንዲህ ያለ አባት ካለ አንባቢዎቹን እንዲያርም ጠይቁት፤ «አባታችን፣ እስቲ ያዳምጡልን» ማለት ይበቃል። በእንዲህ ያለ አባት ፊት «ይህን ጽዋ ከእኔ ውሰድ» የሚለውን ቁጥር ደጋግማ ያነበበች አንዲት ወጣት አይቻለሁ። አባታችን አንድም ጊዜ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ብቻ፣ «ልጄ፣ ከ‹አባ› በኋላ ትንሽ ቁሚ። ልጅ አባቱን ከጠራ በኋላ መልስ ይጠብቃል» አሏት። ረቡዕ ማታ እንዳሏት ቆመች፤ የዚያን ጊዜ ዝምታ ከማንም ስብከት በላይ ነበር።

ሦስተኛ፣ የአረፍተ ነገር መጨረሻን። ብዙ አንባቢ መጨረሻውን ቃል ይውጠዋል። በአማርኛ ደግሞ ግሡ ያለው መጨረሻ ላይ ነው፤ «ሰቀሉት» ካልተሰማ ምኑም አልተሰማም።

በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ በድንገት ይመጣና የቆርቆሮው ጣሪያ ያገሣል። አንባቢው ከዝናቡ ጋር አይጩህ። መጽሐፉን ይዞ ይቁም፤ ሲያባራ ከቆመበት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ይቀጥል።

ሥርዓቱ በተራ

ማስታወቂያ ካለ ከመጀመሩ በፊት ይነገር፤ ከተጀመረ በኋላ የግንባታ ኮሚቴም የወጣቶች ስብሰባም አይነሣ። ከዚያ 3 ደቂቃ ያህል ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋል።

መሪው ሻማውን ያበራና ከሉቃስ 24 የኤማሁስ መንገደኞች የለመኑትን ይላል፦ «ከእኛ ጋር እደር፥ ማታ ቀርቦአልና።» ቀጥሎ ከመዝሙር 51፣ «አቤቱ፥ ከንፈሮቼን ክፈት» ሲል ጉባኤው «አፌም ምስጋናህን ያወራል» ብሎ ይመልሳል። «ጸሎቴን በፊትህ እንደ ዕጣን ተቀበልልኝ» የሚለውን መዝሙር 141ን እዚህ ላይ በአንድነት ማንበብ የቆየ የማታ ጸሎት ልማድ ነው።

ከዚያ የዕለቱ መዝሙረ ዳዊት። በምዕራቡ ትውፊት የንስሐ መዝሙራት የሚባሉ 7 አሉ፦ 6፣ 32፣ 38፣ 51፣ 102፣ 130 እና 143። ለስድስቱ ማታ ስድስቱን አድሏቸው፤ 51ን ለመጀመሪያው፣ 130ን ለመጨረሻው አድርጉ፤ 102 ረጅም ስለሆነ ይቅር። ቀኝ ወገን አንድ ቁጥር፣ ግራ ወገን ቀጣዩን ያነብባል፤ በየቁጥሩ አጋማሽ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ይዘበራረቃል፤ በሦስተኛው ሳምንት ይስተካከላል። አንድ ጥንቃቄ፦ ከቤቱ ዳዊት ይዞ የሚመጣ እንግዳ ቁጥሩ አይገጥምለትም። በዳዊቱ 51ኛው 50 ነው፣ 130ው 129 ነው፣ 143ም 142 ነው፤ 6ኛው ግን በሁለቱም 6ኛ ነው። መሪው ሁለቱንም ቁጥር ይጥራ፤ እንግዳው ገጽ ሲያገላብጥ እንዳይሸማቀቅ።

አንድ መዝሙር፣ ቀጥሎ ንባቡ። ጉባኤው ተቀምጦ ያዳምጥ፤ ክርስቶስ ነፍሱን የሚሰጥበት ቁጥር 15፥37 ሲደርስ ብቻ ሁሉም ይንበርከክ ወይም ይቁም፣ አንባቢውም ጥቂት ይጠብቅ። ከንባቡ በኋላ 2 ሙሉ ደቂቃ ዝምታ። መሪው ሰዓት ይያዝ፤ ያልለመደ ሰው 20 ሴኮንዱን እንደ 2 ደቂቃ ቆጥሮ ይነሣል።

ስብከቱ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ከተነበበው ክፍል አንድ ሰው ወይም አንድ ቃል ይዞ፣ ይህ ለእኔ እንዴት እንደተደረገ መናገር ነው። ማስፈራራት አይግባበት፤ ሌላውን ቤተ ክርስቲያን መንቀፍም አይግባ። በመጀመሪያው ረቡዕ ግን ሰባኪው ጾምን በተመለከተ ግልጽ ነገር ይናገር፤ ጥያቄው በሁሉም ልብ አለ። ሐሳቡ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዋና የእምነት ሰነድ ከሆነው ከአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ (እ.ኤ.አ. 1530) አንቀጽ 26 ሊወሰድ ይችላል፦ ጾም ጽድቅን አያስገኝም፣ የኃጢአት ዋጋ አይሆንም፤ ሰውነትን ለመግዛትና ለጸሎት ለመትጋት ግን መልካም ነው፣ አይነቀፍም። ማቴዎስ 6፥16–18 ይነበብ። የሚጾመው የማይጾመውን አይናቅ፣ የማይጾመውም በሚጾመው ላይ አይፍረድ። በአንድ ቤት ሚስት ሁዳዴን እየጾመች ባል እዚህ በሚያመልክበት አገር ይህ በደንብ መነገር አለበት።

በዚያው ረቡዕ በብዙ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በግንባር ላይ አመድ የመቀባት ልማድ አለ። ግዴታ አይደለም፤ ለሕዝባችንም አዲስ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት ብትተዉት እመክራለሁ።

ከስብከቱ በኋላ የማርያም ምስጋና፣ ሉቃስ 1፥46–55፣ «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች»፣ በቁም ይነበባል ወይም ይዘመራል። ይህ ከጥንት ጀምሮ የማታ ጸሎት መዝሙር ነው፤ ሉተርም ይወደው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1521 ትርጓሜ ጽፎለታል። ለማኅበራችን ደግሞ ልዩ ጸጋ አለው፤ ኦርቶዶክሳዊት እናት ከልጇ ጋር ብትመጣ «ታዐብዮ ነፍስየ» ብላ በየዕለቱ የምትጸልየው ነውና ከእኛ ጋር አንድ አፍ ሆና ታመሰግናለች። በፍጹም እንዳትዘልሉት።

ምልጃው አጭርና የተጻፈ ይሁን። መሪው ስለ ታመሙት፣ ስለ ታሰሩት፣ ስለ አገራችን ሰላም፣ በመንገድ ላይ ስላሉት፣ ስለሚዘራው ገበሬና ስለ ከብቱ አንድ በአንድ ይጥራ፤ ለእያንዳንዱ ጉባኤው «አቤቱ፥ ማረን» ይበል። በየስሙ መካከል ሰው የራሱን በልቡ እንዲያስገባ ጊዜ ይሰጥ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጸልይበት ልማድ በእሑድ ቦታ አለው፤ ረቡዕ ማታ ግን አንዱ ሲጸልይ ሌላው «አሜን» ይበል። የሰው ስም ስትጠሩ የበሽታውን ዝርዝር አትናገሩ።

የጌታ ጸሎት ይከተላል። ከዚያ የሉተር የማታ ጸሎት ከትንሹ ካቴኪዝም፦ ስለ ዋለው ቀን ማመስገን፣ ይቅርታ መለመን፣ ሥጋንና ነፍስን በአብ እጅ አደራ ማለት፣ ቅዱስ መልአኩ ከእኛ ጋር እንዲሆን መለመን። ሉተር ከዚህ ጸሎት በኋላ ሰው በደስታ ተኝቶ ይደር ይላል። ልጆች በቃላቸው ይያዙት፤ በስድስት ሳምንት ይይዙታል።

በመጨረሻ በዘኍልቍ 6፥24–26 ያለው ቡራኬ። መሪው ቄስ ከሆነ እጁን ዘርግቶ «ይባርክህ» ይላል፤ ካልሆነ ራሱን ጨምሮ «ይባርከን» ብሎ ይጸልየው። የኃጢአት ስርየትን ማወጅም እንዲሁ ነው፤ ያልተቀባ መሪ «ጌታ ሆይ፥ ይቅር በለን» ብሎ ይለምን። መባ በዚህ ማታ አይሰበሰብ።

ከጸሎቱ በኋላ

ሌላ አገር ያሉ ሉተራውያን በዚህ ማታ አንድ ላይ ሾርባ የመጠጣት ልማድ አላቸው። እዚህ ሻይ፣ ቆሎና የጾም ዳቦ ይበቃል። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የገባበት ነገር አይቅረብ፤ ማንም የሚጾም እንግዳ «ይህ ምን አለበት?» ብሎ ሳይጠይቅ እጁን እንዲዘረጋ። በየሳምንቱ ሁለት ቤተሰብ ተረኛ ይሁን፤ ውድድር እንዳይሆን ዝርዝሩ ከዚህ አይለፍ። የደብረ ማርቆስ ማታ በጾሙ ወራትም ይበርዳልና አረጋውያን ጋቢያቸውን ይዘው እንዲመጡ አሳስቡ።

ሻማውን ከሁሉ በኋላ የሚያጠፋና በር የሚዘጋ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። የመልስ ጸሎቶቹና የመዝሙሮቹ ቃል ያለበት ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ይባዛ፤ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። በየማታው ሰብስባችሁ በካርቶን አስቀምጡት፤ ለሚመጣው ሁዳዴም ያገለግላል። የእያንዳንዱ ማታ አንባቢ ስምና ንባቡ የፈጀው ደቂቃ በጀርባው ይጻፍ፤ የሚቀጥለውን ዓመት አንባቢዎች ስትመርጡ ከዚያ ትነሣላችሁ።